የማቴሪያል ፊዚክስ ተመራማሪን በጉግል ስኮላር መለካት፦ የአገልግሎቱ ግምገማ

የአንድን የማቴሪያል ፊዚክስ ተመራማሪ የሥራ ዘመን ለማየት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው የጉግል ስኮላር ገጹን ነው። ቀጣሪ ኮሚቴውም፣ የምርምር ገንዘብ የሚመድበውም፣ አማካሪ የሚፈልገው የዶክትሬት ተማሪም እዚያው ይገባል። ገጹ ላይ ሦስት ቁጥሮች ጎላ ብለው ይታያሉ፦ ጠቅላላ የሳይቴሽን ብዛት (ሥራዎቹ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ)፣ ኤች-ኢንዴክስ እና አይ10-ኢንዴክስ። ከሥራቸው የየዓመቱ ሳይቴሽን በባር ግራፍ ተደርድሯል። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ለማየት መመዝገብም አያስፈልግም። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ገጹ እንደ ሥራ መዝገብ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ እንደ ሚዛን ግን ብቻውን ሊታመን አይገባም። በተለይ በማቴሪያል ፊዚክስ፣ ናሙና የሚያበቅለው፣ የሚለካውና በቲዎሪ የሚያሰላው ሰው አብረው በሚሠሩበት መስክ፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ ሰው ይጎዳል።

ጉግል ስኮላር ሥራ የጀመረው በ2004 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ የግል ገጾቹ ለሁሉም የተከፈቱት በ2011። ዋና ጥንካሬው ስፋቱ ነው። በ2018 የወጣ አንድ ሰፊ ንጽጽር በብዛት የተጠቀሱ 2,299 ሥራዎችን ወስዶ ጠቃሾቻቸውን በሦስት የመረጃ ቋቶች ፈልጎ ነበር። ጉግል ስኮላር በየመስኩ ከ93 እስከ 96 በመቶ የሚሆነውን ሳይቴሽን ሲያገኝ፣ ስኮፐስ ከ35 እስከ 77፣ ዌብ ኦቭ ሳይንስ ደግሞ ከ27 እስከ 73 በመቶ አግኝተዋል። ፊዚክስ በአብዛኛው በጆርናል የሚታተም ስለሆነ ልዩነቱ እንደ ማኅበራዊ ሳይንስ አይሰፋም። ትርፉ የሚመጣው ከመመረቂያ ጽሑፎች፣ ከጉባኤ ወረቀቶችና አርካይቭ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ጆርናል ከማተሙ በፊት ከሚቀመጡ ቅድመ ህትመቶች ነው። ይህ ትርፍ ዋጋ አለው። አንድ የመለኪያ ዘዴ በተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ መጠቀሱ ዘዴው በትክክል ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደገባ ይናገራል።

ወደ ቁጥሮቹ እንግባ። ኤች-ኢንዴክስን በ2005 ያቀረቡት ሆርሄ ሂርሽ ናቸው፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ በሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ኃይል ሳያባክን የሚያስተላልፍ ቁስ) ላይ የሚሠሩ የቲዎሪ ፊዚሲስት። ኤች-ኢንዴክስ 5 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ወረቀቶች አሉ ማለት ነው፤ አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። ሰባት ወረቀት ያለው ተመራማሪ እንውሰድና የወረቀቶቹ ሳይቴሽን በቅደም ተከተል 90፣ 41፣ 22፣ 9፣ 6፣ 5 እና 2 ነው እንበል። አምስተኛው ወረቀት 6 ጊዜ ተጠቅሷል፣ ስድስተኛው ግን 5 ጊዜ ብቻ፤ ስለዚህ ኤች-ኢንዴክሱ 5 ነው። አይ10 ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱትን ስለሚቆጥር 3 ይሆናል። የመጀመሪያው ወረቀት ከ90 ወደ 9,000 ቢዘል ኤች-ኢንዴክሱ ከ5 ንቅንቅ አይልም። አንድ ትልቅ ግኝት ያለውን ሰው ይህ ቁጥር የማያውቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወረቀቶች ጠጋ ብለን እንያቸው። 5 ጊዜ የተጠቀሰው የጆርናሉ ቅጂ፣ 2 ጊዜ የተጠቀሰው ደግሞ የዚያው ወረቀት የአርካይቭ ቅጂ ቢሆንስ? ባለቤቱ ገጹ ላይ ሁለቱንም መርጦ «ሜርጅ» የሚለውን ሲጫንና የጆርናሉን ቅጂ ዋና አድርጎ ሲይዝ፣ ጠቃሾቹ የተደራረቡ ካልሆኑ ወረቀቱ 7 ይሆናል። ዝርዝሩ 90፣ 41፣ 22፣ 9፣ 7፣ 6 ይሆንና ኤች-ኢንዴክሱ ወደ 6 ይወጣል። አዲስ ምርምር አልተሠራም፤ የተስተካከለው መዝገብ ብቻ ነው። በዚህ መልክ የተዋሃደ ወረቀት ሳይቴሽኑ አጠገብ የኮከብ ምልክት ሊታይ ይችላል፤ ትርጉሙም ከተቆጠሩት ጠቃሾች አንዳንዶቹ ሌላ ወረቀት የጠቀሱ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ኮከብ ያለበትን ቁጥር ከመቀበል በፊት ተጭኖ ዝርዝሩን ማየት ተገቢ ነው።

ሲስተሙ ሁለቱን ቅጂዎች አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያገናኛል። በማቴሪያል ፊዚክስ ይህ የሚከሽፍባቸው የታወቁ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ርዕስ ውስጥ የሚገባ የኬሚካል ቀመር ነው። በመጠን የሚለዋወጥ የስትሮንቲየም ድርሻ ያለው የላንታነም ኩፕሬት (መዳብና ኦክስጅን ያለው ውህድ) ቀመር ከታች የሚጻፉ ቁጥሮች፣ ፊደልና የመቀነስ ምልክት አሉት፤ አንዱ ድረ ገጽ በአንድ መልክ፣ ሌላው በሌላ መልክ ያወጣዋል፤ ጠቃሹም በሦስተኛ መልክ ይገለብጠዋል። ሁለተኛው ርዕሱ በአቻ ግምገማ ጊዜ ሲለወጥ ነው። ሦስተኛው የገጽ ቁጥር ጉዳይ ነው፦ ፊዚካል ሪቪው ቢ የተባለው ጆርናል ከ2001 ጀምሮ በገጽ ቁጥር ፈንታ ባለ ስድስት አሃዝ የወረቀት ቁጥር ይሰጣል፤ አጫጭር ወረቀቶቹ መጀመሪያ ቁጥሩን ተከትሎ «አር»፣ ከ2021 ወዲህ ደግሞ ከቁጥሩ ፊት «ኤል» የሚል ፊደል ይይዛሉ። ጠቃሹ ፊደሉን ሲዘለው ወይም አንድ አሃዝ ሲስት ሳይቴሽኑ ባለቤት ያጣል። መፍትሔው በየስድስት ወሩ ገደማ የራስን ወረቀቶች በርዕስ ሳይሆን በደራሲ ስምና በማቴሪያሉ ስም እየፈለጉ የተበታተኑትን መሰብሰብ ነው።

ገጽ መክፈት ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ የሚፈልገው ቅንብሩ ላይ ነው። በጉግል አካውንት ይገባል፤ ስም፣ የሥራ ቦታ፣ የተቋም ኢሜይልና እስከ አምስት የሚደርሱ የምርምር ዘርፎች ይሞላሉ። የተቋሙ ኢሜይል በሚላከው ማረጋገጫ ካልጸደቀ ገጹ በፍለጋ ውጤት ውስጥ አይወጣም፤ ኢሜይሉ ራሱ ለሕዝብ አይታይም፣ የሚታየው የተቋሙ አድራሻ ብቻ ነው። ከዚያ ሲስተሙ የወረቀት ቡድኖችን ያቀርባል። ሙሉውን ቡድን በአንድ ጊዜ መቀበል ፈጣን ቢመስልም ሞክሼ ደራሲዎች የሚገቡት በዚሁ ቀዳዳ ነው። ቀጥሎ «አርቲክል አፕዴት» በሚለው ውስጥ ሁለት ምርጫ ይመጣል፦ አዲስ ወረቀት በራሱ ይግባ፣ ወይስ በኢሜይል ይጠየቅ። ሁለተኛው ይመረጥ። የመጀመሪያውን መርጠው ለዓመታት ያልተመለሱ ሰዎች ገጽ ላይ የሌላ ሰው የካንሰር ጥናት ከማግኔት ወረቀቶች መሐል ተቀምጦ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ሐሜት ሲነሳ ደግሞ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። የስም መደራረቡ እውነተኛ ችግር መሆኑን ጆርናሎቹም ያውቁታል፤ የፊዚካል ሪቪው አሳታሚዎች በ2007 «የትኛው ዌይ ዋንግ?» በሚል ርዕሰ አንቀጽ ደራሲዎች ስማቸውን ከላቲን ፊደል ጎን በቻይንኛና በመሳሰሉት ፊደሎች እንዲጽፉ የፈቀዱት ለዚሁ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳይ የፋይል መጠን ነው። ጉግል ስኮላር በመመሪያው ከ5 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፒዲኤፍ ሙሉ ጽሑፉን አይመዘግብም። የማቴሪያል ፊዚክስ መመረቂያ ጽሑፍ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስሎች ስለሚሞላ ይህን ገደብ በቀላሉ ያልፋል፤ ውጤቱም ጽሑፉ ሳይገኝ መቅረቱ፣ በውስጡ የጠቀሳቸው ወረቀቶችም ሳይቴሽናቸውን ማጣታቸው ነው። ምስሎቹን መጠናቸውን መቀነስ፣ ጽሑፉ በፍለጋ የሚገኝ እንጂ ስካን የተደረገ ምስል እንዳይሆን ማድረግ፣ ርዕሱን በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በትልቅ ፊደል መጻፍ፣ የዋቢዎቹን ክፍል «ሪፈረንስስ» ወይም «ቢብሊዮግራፊ» በሚል ራሱን በቻለ መስመር መጀመር ያስፈልጋል። የተሳሳተ መረጃ ከተመዘገበ በኋላ እርማቱ ይዘገያል፤ አዲስ ወረቀት በቀናት ውስጥ ሲገባ፣ የነበረን ማደስ ከ6 እስከ 9 ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ እንደሚወስድ አገልግሎቱ ራሱ ይገልጻል። ስለዚህ መስተካከል ያለበት ከመጫኑ በፊት ነው።

ይህ ሁሉ የመዝገብ ጥራት ነው። ከባዱ ጥያቄ የጠራ መዝገብ ስለ ሰውየው ምን ይላል የሚለው ነው። ሂርሽ በ2005 ጽሑፋቸው የታዋቂ ፊዚሲስቶችን ኤች-ኢንዴክስ አስቀምጠው ነበር፦ ኤድዋርድ ዊተን 110፣ አላን ሂገር 107፣ ማርቪን ኮኸን 94፣ አርተር ጎሳርድ 94፣ ፊሊፕ አንደርሰን 91። ከእነዚህ ውስጥ ጎሳርድ ላይ ቆም እንበል። የቲዎሪ ሰው አይደሉም። በሞለኪውላር ቢም ኤፒታክሲ፣ ማለትም ባዶ በሆነ ቻምበር ውስጥ የአተም ንጣፍ በንጣፍ በመደራረብ፣ የጋሊየም አርሰናይድ ናሙና የሚያሳድጉ ነበሩ። ዳንኤል ትሱይና ሆርስት ሽተርመር በ1982 ፍራክሽናል ኳንተም ሆል ኤፌክትን (በጠንካራ ማግኔት ውስጥ ኤሌክትሮኖች በኅብረት የሚያሳዩትን ክስተት) ያዩት በእሳቸው ናሙና ላይ ነው፤ ጎሳርድም የወረቀቱ ሦስተኛ ደራሲ ናቸው። የ1998 የኖቤል ሽልማት ለትሱይ፣ ለሽተርመርና ለቲዎሪው ባለቤት ሮበርት ላፍሊን ተሰጠ። ሽልማቱ ያለፋቸውን ሰው ኤች-ኢንዴክስ ከኖቤል ተሸላሚው አንደርሰን በላይ አስቀምጧቸዋል። ይህ ለቁጥሩ የሚቆም ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ናሙና ሠሪ በሌላ የክብር መዝገብ ላይ ሲረሳ እዚህ ይታያል።

የዚሁ ነገር ሌላኛው ገጽታ በጃፓን ሱኩባ ይገኛል። የብሔራዊ የማቴሪያል ሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎቹ ታካሺ ታኒጉቺና ኬንጂ ዋታናቤ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት የሚያበቅሉት ሄክሳጎናል ቦሮን ናይትራይድ በዓለም ላይ ላሉ የግራፊን (የአንድ አተም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ) ቤተ ሙከራዎች መሠረት ሆኗል። ከ2010 ወዲህ ግራፊን በዚህ ክሪስታል ላይ ሲቀመጥ የኤሌክትሮኖቹ ተንቀሳቃሽነት እንደሚሻሻል ከታየ በኋላ ክሪስታላቸውን የተጠቀመ ቡድን በአብዛኛው ስማቸውን በደራሲነት ያስገባል። የወረቀቶቻቸው ብዛት አንድ ሰው ሐሳቡን አመንጭቶ ሊጽፍ ከሚችለው በላይ ነው። እዚህ ላይ ነው የጉግል ስኮላር ትልቁ ድክመት የሚታየው፦ የመጀመሪያ ደራሲ፣ የቡድን መሪ ሆኖ መጨረሻ የሚጻፍ፣ ናሙና ሰጥቶ መሐል የገባ፣ ሁሉም እኩል አንድ ይቆጠራል። ረዥም የደራሲ ዝርዝርም ገጹ ላይ ስለሚቆረጥ የሰውየው ቦታ ወረቀቱ ሳይከፈት አይታወቅም። ናሙና ሰጪነት ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን እንደ ራሱ ዓይነት ሥራ መነበብ አለበት።

የስሌት ዘዴዎች ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። ፐርድው፣ በርክና ኤርንዘርሆፍ በ1996 ያሳተሙት፣ በሦስቱ ስም ፒቢኢ እየተባለ የሚጠራው የዴንሲቲ ፈንክሽናል ቀመር ከ100,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የማቴሪያልን ኤሌክትሮን አወቃቀር በኮምፒውተር ያሰላ ሰው ሁሉ የተጠቀመበትን ፈንክሽናልና ፕሮግራም መጥቀስ ግዴታው ነው። ኔቸር በ2014 ባወጣው የምንጊዜም 100 ብዙ የተጠቀሱ ወረቀቶች ዝርዝር ውስጥ 12ቱ ከዚሁ ከዴንሲቲ ፈንክሽናል ቲዎሪ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ስለዚህ የዘዴ ሠሪን ገጽ ከአንድ ሱፐርኮንዳክተር ለካሁ ካለ ሰው ገጽ ጎን አስቀምጦ ትልቁን ቁጥር መምረጥ ትርጉም የለውም። በተቃራኒው ደግሞ በመስኩ ፍጹም የተለመደ ዕውቀት አይጠቀስም። የብራግ ሕግ (ኤክስሬይ ከክሪስታል የሚመለስበትን አንግል የሚያሰላው) በየቀኑ በየኤክስሬይ ዲፍራክሽን ማሽን ላይ ይሠራል፤ የ1913ቱን ወረቀት የሚጠቅሰው ግን ከስንት አንድ ነው።

ከሦስቱ ቁጥሮች ይልቅ ብዙ የሚናገረው የዓመት ግራፉ ነው፤ ሰዎች ግን ችላ ይሉታል። ኮጂማና ሚያሳካ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 ያሳተሙት የፔሮቭስካይት (የክሪስታል ዓይነት) የፀሐይ ሴል ወረቀት ላይ የሴሉ ውጤታማነት 3.8 በመቶ ነበር፤ ፈሳሽ ኤሌክትሮላይቱ ውስጥም ቁሱ ቶሎ ይበላሽ ስለነበር የተከታተለው ሰው ጥቂት ነው። በ2012 በጠጣር መልክ 10 በመቶ አካባቢ ሲደረስ ግን መላው መስክ ወደዚያ ዞረ። ሃመርስና ኦፍማን በ1958 የጻፉት የግራፋይት ኦክሳይድ አሠራር ደግሞ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተኝቶ ቆይቶ በግራፊን ዘመን ነቃ፤ በሰልፈሪክ አሲድ፣ በሶዲየም ናይትሬትና በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ግራፋይትን ኦክሳይድ ማድረግ ለሺህ ቤተ ሙከራዎች መነሻ ሆነ። ስለዚህ በአምስተኛው ዓመት ቁጥሩ ዝቅ ያለ ወረቀት ደካማ ነው ብሎ መፈረም አደገኛ ነው። 

ገጹ የማይነካው ሌላ ዓለምም አለ። የአልበርት ፌርና የፔተር ግሩንበርግ ቡድኖች በ1988 ያገኙት ጃይንት ማግኔቶሬዚስታንስ (በማግኔት ምክንያት የቁስ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅም በእጅጉ የሚለወጥበት ክስተት) በ1997 በአይቢኤም ሃርድ ዲስክ ውስጥ ገባ፤ ግሩንበርግም የባለቤትነት መብት ቀድመው አስመዝግበው ነበር። የዚያ ዲስክ እያንዳንዱ ንባብ ሳይቴሽን አይደለም።

ስለ ማታለል ደግሞ ሁለት ነገር ይታወቅ። የፈረንሳዩ ሲሪል ላቤ በ2010 በኮምፒውተር የተፈበረኩ 100 ገደማ ትርጉም የለሽ ጽሑፎችን እርስ በርስ አጠቃቅሰው ኢንተርኔት ላይ በማስቀመጥ፣ አይክ አንትካሬ የተባለ በዓለም የሌለ ተመራማሪ በጉግል ስኮላር 94 ኤች-ኢንዴክስ እንዲኖረው አድርገዋል። ከአንደርሰን 91 ጋር ይነጻጸር። ሁለተኛው የተሰረዙ ወረቀቶች ጉዳይ ነው። በቤል ላብስ የምርምር ማዕከል በፊዚሲስቱ በያን ሄንድሪክ ሾን ሥራ ላይ የተሰየመው የማልኮም ቢስሊ ኮሚቴ በ2002 ከቀረቡት 24 ክሶች 16ቱን በማጭበርበርነት አረጋግጧል፤ በሳይንስና በኔቸር የወጡ ወረቀቶቹም ተሰርዘዋል። ሳይቴሽኖቹ ግን ከመቆጠር አይወጡም፤ እንዳይደገም የተጻፈ ማስጠንቀቂያም ሳይቴሽን ሆኖ ይደመራል። የወረቀቱን ዲኦአይ (ቋሚ መለያ) ቁጥር ክሮስሬፍ በተባለው የዲኦአይ መዝጋቢ ድርጅት በኩል በነፃ በሚገኘው የሪትራክሽን ዎች የተሰረዙ ወረቀቶች መረጃ ላይ ማረጋገጥ ጥቂት ደቂቃ አይፈጅም።

ተፎካካሪዎቹ እነዚህን ቀዳዳዎች በከፊል ይደፍናሉ። ስኮፐስ ሰው የራሱን ወረቀት የጠቀሰበትን ቀንሶ ያሳያል፣ ጉግል ስኮላር ይህ የለውም። የስኮፐስን የደራሲ ገጽ ያለ ክፍያ በከፊል ማየት ይቻላል፤ በስህተት ለሁለት የተከፈለ ገጽም በማስተካከያ ቅጹ ይዋሃዳል። የድሮ ሰዎች ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ የስኮፐስ የሳይቴሽን መረጃ ወደ ኋላ የሚሄደው እስከ 1970 ነው፤ ከዚያ በፊት ለጀመረ የሥራ ዘመን እስከ 1900 የሚደርሰው ዌብ ኦቭ ሳይንስ ይሻላል፣ ሙሉው አገልግሎት ግን በተቋም ክፍያ ነው። ብዙ የሚወራለት የተመራማሪዎች «ከፍተኛ 2 በመቶ» ዝርዝር በስኮፐስ መረጃ ላይ የተሠራ ሲሆን ስድስት መለኪያዎችን ያዋህዳል፤ ከእነሱ ውስጥ ሦስቱ ብቸኛ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ደራሲነትን ስለሚያዩ ከባዶ ኤች-ኢንዴክስ የተሻለ ነው። ለናሙና አብቃዮች ግን የከፋ ነው፣ መሐል የተጻፉትን ይቀጣልና። በ2012 የተጀመረው ኦርኪድ ሳይቴሽን አይቆጥርም፤ ባለ 16 አሃዝ መለያው ሞክሼዎችን ለመለየት ስለሆነ ወረቀት ሲላክ ጀምሮ መሰጠት አለበት። በ2022 የተከፈተው ኦፕንአሌክስ መረጃውን በነፃ በጅምላ ማውረድ ለሚፈልግ ነው፤ ጉግል ስኮላር በይፋ ይህን መንገድ አልከፈተም፣ ፍለጋውም ከ1,000 ውጤት በላይ አያሳይም።

የማያውቁትን ተመራማሪ ገጽ ለማንበብ የሚበጀው አካሄድ ይህ ነው። ዝርዝሩን ከሳይቴሽን ወደ ዓመት ቀይሮ የመጀመሪያዎቹን አምስትና የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት ማየት፤ ሰውየው ከአማካሪው ርዕስ መቼ እንደወጣ ይታወቃል። ከዚያ በብዛት ከተጠቀሱት ሦስቱን ከፍቶ የደራሲ ቦታውን መመልከት። ቀጥሎ የሳይቴሽኑን ቁጥር ተጭኖ፣ በጠቃሾቹ መሐል ብቻ የሚፈልገውን ሳጥን ምልክት አድርጎ የማቴሪያሉን ስም ወይም እንደ «ኮንትራስት»፣ «ዲስኤግሪ»፣ «ሪፕሮዲዩስ» ያሉ ቃላትን በእንግሊዝኛ መጻፍ። ፍለጋው ሙሉ ጽሑፍ ውስጥ ስለሚገባ ውጤቱን ደግመው ያገኙትን፣ አልደገምነውም ያሉትን፣ በመግቢያ አንቀጽ ከሌሎች አሥር ጋር አብረው ብቻ የጠሩትን ለይቶ ያወጣል። ሃያ ጠቃሽ በዚህ መንገድ ማንበብ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ሂርሽ ለፊዚሲስት ከ20 ዓመት ሥራ በኋላ ኤች-ኢንዴክስ 20 ስኬታማ፣ 40 የላቀ፣ 60 ብርቅ የሚያሰኝ ነው ብለው ነበር። በ2020 ደግሞ ቁጥሩ ከባድ ያልታሰበ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ራሳቸው ጽፈዋል። ለኮሚቴ ማመልከቻ ሲላክ ከገጹ አድራሻ ጋር አንድ ገጽ ማያያዝ ይገባል፦ የሦስት ወረቀቶች ዝርዝር፣ በእያንዳንዱ ውስጥ የአመልካቹ ድርሻ፣ ማለትም ናሙናውን ማሳደግ፣ መለካት፣ ማስላት ወይም መጻፍ፣ እና ውጤቱን በራሱ ቤተ ሙከራ ደግሞ ያገኘ ሌላ ቡድን ካለ የዚያ ወረቀት ዲኦአይ።